በ23 ሚሊሜትር ዕጢ ላይ የተደረገ የ18 ወር ክትትል፦ የአንድ የኩላሊት ክሊኒክ አገልግሎት ሲገመገም

እናቴ የ68 ዓመት ሴት ናት። ከምግብ በኋላ በቀኝ ጎኗ በሚሰማት ሕመም ምክንያት የሐሞት ከረጢቷ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ታዝዞላት ነበር፤ የሐሞት ከረጢቷ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በግራ ኩላሊቷ ላይ ማንም ያልጠረጠረው ነገር ተገኘ። በውጤቱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ በግራ ኩላሊት የታችኛው ክፍል 23 ሚሊሜትር የሆነ ጠጣር እብጠት ታይቷል፤ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለ18 ወራት የተመላለስነው ትናንሽ የኩላሊት ዕጢዎችን ወደሚከታተል ክሊኒክ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የዚያን ክሊኒክ አገልግሎት ይገመግማል። ስሙን አልጠቅስም፤ ዓላማዬ እንዲህ ያለ ወረቀት በድንገት እጁ የገባ ሰው ከማንኛውም ተመሳሳይ ክሊኒክ ምን ሊጠብቅ፣ ምንስ ሊጠይቅ እንደሚገባው ማሳየት ነውና።

ከጉድለቱ ልጀምር። ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ ተሰጠን፤ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም፤ የክሊኒኩም የመጀመሪያ ቀጠሮ ከ11 ቀን በኋላ ነበር። በእነዚያ 11 ቀናት እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ልብሶቿን ማጠፍና ለማን ምን እንደሚሰጥ መናገር ጀምራ ነበር። ከፖስታው ጋር ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ቢኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ በቀለለ። መጠኑ ከ4 ሴንቲሜትር የማይበልጥ የኩላሊት ዕጢ በሕክምናው ዓለም «ትንሽ» እንደሚባል፣ ከእነዚህ ትናንሽ ዕጢዎች ከ5ቱ አንዱ ገደማ ካንሰር ሆኖ እንደማይገኝ፣ ካንሰር የሆኑትም አብዛኞቹ በዝግታ የሚያድጉ በመሆናቸው ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ውጤቱን እንደማይለውጥ የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች ማለቴ ነው። እነዚህን እውነታዎች ኋላ ላይ ከሐኪሙ አፍ ስንሰማ የተሰማን እፎይታ ከፍ ያለ ነበር፤ ቅሬታዬም የሚመነጨው ከዚያው እፎይታ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሊነገሩን ይችሉ ነበርና።

የመጀመሪያው ምክክር ግን ከጠበቅሁት እጅግ የተሻለ ሆነ። 50 ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ ሐኪሙም ስለ ዕጢው ከመናገራቸው በፊት ስለ ኩላሊት ተናገሩ። በወቅቱ ነገሩ ከጉዳዩ መሸሽ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ይህ እንደነበረ አምናለሁ። እያንዳንዱ ኩላሊት የጡጫ ያህል መጠን እንዳለው፣ በውስጡም አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች እንዳሉት፣ ሁለቱ ኩላሊቶች ባንድነት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው ከዚያ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነውን ብቻ ሽንት አድርገው እንደሚያስወጡ፣ ቀሪውን ወደ ደም እንደሚመልሱ አስረዱን። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ የቀይ ደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን ማመንጨት፣ ቫይታሚን ዲን ሰውነት ወደሚጠቀምበት መልክ መለወጥም የኩላሊት ሥራዎች ናቸው። ከዚያም ወደ እናቴ ዞር ብለው፣ «እናቴ፣ ዕጢው ላይ ምን እንደምናደርግ ከመወሰናችን በፊት፣ በእጃችን ምን ያህል የሚሠራ ኩላሊት እንዳለ ማወቅ አለብን» አሏት።

ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የገባን የደሙ ምርመራ ውጤት ሲመጣ ነው። የክሬቲኒን መጠኗ 1.1 ሲሆን ወረቀቱ ላይ ከጤናማው ክልል እንዳልወጣ ተመልክቷል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ «ኩላሊትሽ ደህና ነው» ተብላ ትሸኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ቁጥሩን ከዕድሜዋና ከጾታዋ ጋር አስልተው የማጣራት አቅሟ በደቂቃ 55 ሚሊሊትር አካባቢ መሆኑን አሳዩን። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ቆሻሻ ስለሆነ፣ ጡንቻቸው ያነሰ አረጋውያን ላይ የማጣራት አቅም በብዛት ቀንሶም ቁጥሩ ጤናማ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። የማጣራት አቅም ከ60 በታች ሆኖ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል፤ ስለዚህም አንድ ውጤት ብቻ ይዘው ስም አልሰጡትም፤ ምርመራው ከ3 ወር በኋላ እንዲደገም አዘዙ። የሽንት ምርመራም ተጨምሮ በሽንቷ የሚወጣው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን 48 ሆኖ ተገኘ፤ ከ30 በታች ሊሆን ይገባው ነበር። ለ15 ዓመት የቆየው የደም ግፊቷ ማጣሪያዎቹን ቀስ በቀስ ሲጎዳ ኖሯል ማለት ነው፤ እኛም ሆንን እሷ ይህን አናውቅም ነበር።

ነርሷ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በየማሸጊያቸው እንድታመጣ ጠይቃት ስለነበር፣ በከረጢቱ ውስጥ ለጉልበቷ ሕመም በየቀኑ የምትውጠው ዲክሎፌናክም ተገኘ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ፍሰት ስለሚቀንሱ፣ በተለይ ግፊት ላለበትና የማጣራት አቅሙ ለቀነሰ ሰው አደገኞች ናቸው። በዚያው ቀን አቆመች፤ ለሕመሟም ፓራሲታሞል ተተካላት፤ የግፊት መድኃኒቷም ተስተካከለ። ከ3 ወር በኋላ የማጣራት አቅሟ 58 ሆኖ ተገኘ። ከ60 በታች እንደሆነ ስለቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንዳለባት ያን ጊዜ በይፋ ተመዘገበ፤ ቁጥሩ ግን መውረዱን ትቶ ትንሽም ቢሆን ወደ ላይ አለ። ስለ ዕጢው ሄደን ለኩላሊቷ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ማግኘቷን ከአገልግሎቱ ሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

የሲቲ ስካኑ ሥራ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ምስሉ መጀመሪያ ያለ ንጥረ ቀለም (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ ነው)፣ ቀጥሎም በደም ሥር ንጥረ ቀለም ከተሰጠ በኋላ በተለያየ ጊዜ ተነሣ። በሲቲ ስካን የአንድ አካል ጥግግት ሃውንስፊልድ በሚባል አሃድ ይለካል፤ ውሃ 0 ነው፣ ስብ ከ0 በታች ይወርዳል። አንድ እብጠት ንጥረ ቀለም ከተሰጠ በኋላ ጥግግቱ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ የራሱ የደም ሥር ያለው ሕያው ሥጋ እንደሆነ ይገመታል፤ የእናቴ ከ38 ወደ 71 ከፍ አለ። ውስጡ ስብ ቢታይ ኖሮ አንጂዮማዮሊፖማ የተባለው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው ብሎ በአብዛኛው በምስሉ ብቻ መወሰን ይቻል ነበር፤ ስብ ግን አልነበረውም። ንጥረ ቀለሙ ኩላሊቷን እንዳይጎዳ ፈርተን ስንጠይቅም፣ ጥንቃቄው በዋናነት የሚያስፈልገው የማጣራት አቅማቸው ከ30 በታች ለሆኑ ሰዎች እንደሆነ የራዲዮሎጂ ባለሙያዋ ሳትሰለች አስረድታናለች።

በመጠባበቂያው ክፍል አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት የያዙት ወረቀት «ሲስት» የሚል ነበርና እንደ እኛ ደንግጠው ነበር። በኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠረ ተራ ከረጢት ዕድሜ ሲገፋ እጅግ የተለመደ ነገር ነው፤ ግድግዳው ስስና ለስላሳ፣ ውስጡም ጥሩ ውሃ ብቻ ከሆነ ሕክምናም ክትትልም አያስፈልገውም። ሞርተን ቦስኒያክ የተባሉት የራዲዮሎጂ ሐኪም በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተሻሻለው አመዳደብ እነዚህን ከረጢቶች እንደ ግድግዳቸው ውፍረትና እንደ ውስጣቸው ክፍልፋይ በደረጃ ይለያቸዋል፤ ሐሳብ የሚገባው ወደ ላይኞቹ ደረጃዎች ሲደርሱ ነው። አዛውንቱ የዚያን ዕለት በደስታ ወጡ። ክሊኒኩ ሲስትና ጠጣር ዕጢ ያለባቸውን ሰዎች አንድ ወረፋ ላይ ማስቀመጡ ግን ለሁለቱም አይጠቅምም፤ በስልክ ሊነገር የሚችል መልካም ዜና ለመስማት አንድ አዛውንት ግማሽ ቀን ሙሉ በፍርሃት መቀመጥ አልነበረባቸውም።

ሁለተኛው ጉድለት የናሙና ጉዳይ ነው። ምስል ብቻውን ኦንኮሳይቶማ የተባለውን ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ከካንሰር በእርግጠኝነት መለየት አይችልም፤ ለዚህ መልሱ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ነው። ክሊኒኩ ግን ይህን አማራጭ እኛ እስክንጠይቅ ድረስ አላነሣውም። ጠይቀን ሲመለስልን መልሱ የተሟላ ነበር፤ ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ በምስል እየታየ እንደሚወሰድ፣ ዋናው ሥጋት መድማት ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ እንደሚቆም፣ የካንሰር ሕዋስ በመርፌው መንገድ ይሠራጫል የሚለው ፍርሃት እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ እውን እንደሚሆን፣ ከ10 ናሙናዎች አንዱ ገደማ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጥ ሊቀር እንደሚችል ተነገረን። ናሙናው ውሳኔን የማይለውጥ ከሆነ ለሁሉም ሰው አስፈላጊ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን መኖሩን ማወቅ የበሽተኛው መብት እንጂ በጠያቂነቱ የሚያገኘው ስጦታ ሊሆን አይገባም። ውጤቱ ፓፒላሪ የተባለው የኩላሊት ካንሰር ዓይነት ሆኖ፣ ከ4ቱ የክፋት ደረጃዎች 2ኛው ላይ እንደሚገኝ አመለከተ።

ካንሰር የሚለው ቃል ከተጻፈ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ሄደን ሁለተኛ አስተያየት ጠየቅን። እዚያ ያገኘናቸው ቀዶ ሐኪም ምስሉን ለአፍታ ተመልክተው ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል አሉን። አነጋገሩ ስህተት የለበትም፤ ጉስታቭ ሲሞን በ1869 እ.ኤ.አ. በሃይደልበርግ የአንዲትን ሴት ኩላሊት አውጥተው ሰው በአንዱ መኖር እንደሚችል ካሳዩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ኩላሊታቸውን የሚለግሱ ሰዎችም በአንዱ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። ለጋሽ ግን ግፊቱ፣ ስኳሩና የማጣራት አቅሙ በጥንቃቄ ተመርምሮ የተመረጠ ሰው ነው። እናቴ ማጣሪያዎቿ አስቀድመው የተጎዱባት ሴት ናት፤ አንዱ ኩላሊት ቢወጣ ቀሪው ሸክሙን ብቻውን ሊወስድ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ወደ እጥበት የሚያደርስ መንገድ ሊከፈትም ይችላል። ወደ ክሊኒካችን ተመልሰን ይህን ስንናገር ሐኪሙ ሌላውን ሐኪም አላሙም፤ ዝም ብለው የ55ንና የ58ን ወረቀቶች ከፋይሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የቀረቡልን አማራጮች ሦስት ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸውም ጥቅምና ጉዳት ያለ አድልዎ ተነግሮናል። ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ቀሪውን ኩላሊት ማዳን ይቻላል፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ተመራጩ ይህ ነው፤ ሆኖም በቀዶው ጊዜ የኩላሊቱ ደም ለጥቂት ደቂቃዎች ይያዛል፣ መድማትና የሽንት መፍሰስም ሊያጋጥም ይችላል። በመርፌ ገብቶ ዕጢውን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት መግደልም አለ፤ በተለይ 3 ሴንቲሜትር ላልደረሱ ዕጢዎች ይስማማል፣ ሰውነትን ያን ያህል አያደክምም፤ ዕጢው ግን በከፊል ተርፎ ሥራው እንዲደገም የሚያስገድድበት ጊዜ ከቀዶው ይበልጣል። ሦስተኛው መጠበቅ ነው፤ ሆኖም በቀጠሮና በልኬት፣ ሲያድግ ወደ ሕክምና ለመሄድ ከወዲሁ በመስማማት የሚደረግ መጠበቅ ነው። ትናንሽ ዕጢዎች በአማካይ በዓመት 3 ሚሊሜትር ያህል ያድጋሉ፤ በክትትል ላይ ሳሉ ወደ ሌላ አካል የሚሠራጩትም ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ገደማ ናቸው። ዕጢው በዓመት ከ5 ሚሊሜትር በላይ ቢያድግ ወይም መጠኑ ወደ 3 እና 4 ሴንቲሜትር ቢጠጋ ውሳኔው እንደገና እንደሚታይ ተጽፎ ተሰጠን። እናቴ መጠበቅን መረጠች። «ዶክተር፣ እርስዎ እናትዎ ብሆን ምን ያደርጉ ነበር?» ብላ ጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳያመነቱ ያንኑ መለሱላት፤ ነገር ግን ልጆቻቸው መጠበቁን መሸከም ያልቻሉ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ቀዶውን ቢመርጡ ትክክል እንደሆኑም ጨመሩ። ይህን ማለታቸውን አከብራለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታ እመጣለሁ። የክትትሉ መነሻ ልኬት በሲቲ ስካን የተወሰደ ሆኖ ሳለ የ6 ወሩ ክትትል በአልትራሳውንድ፣ በሌላ ባለሙያ፣ የቀደመው ምስል ሳይታይ ተሠራ፤ ውጤቱም 27 ሚሊሜትር ተባለ። በ6 ወር 4 ሚሊሜትር ማለት በዓመት 8 ማለት ነው፤ የተጻፈልንን ገደብ ያለፈ መሰለ። ቤታችን ውስጥ ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልገልጽም። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አስደግመው፣ አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም ሁለቱን ሲቲ ስካኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው በአንድ አቅጣጫ ሲለኩት መጠኑ 24 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ያው ዕጢ በሁለት መሣሪያ ወይም በሁለት ሰው ሲለካ የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ማሳየቱ የታወቀ ነገር ነው። የታወቀ ከሆነ ደግሞ የክትትል አገልግሎት ሙሉ ዋጋው በልኬቱ ላይ የተመሠረተ ክሊኒክ ይህን አስቀድሞ ሊከላከለው ይገባ ነበር። ክትትል ላይ ላለ ሰው ሁሉ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የምስሎቹን ቅጂ በእጃችሁ ያዙ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይነሡ፣ አዲሱን ምስል የሚያነበው ሐኪም የመጀመሪያውን አጠገቡ አድርጎ እንዲያነብ ጠይቁ፤ የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን፤ ዝግ ያለ ዕድገት የሚታየው በረዥሙ ንጽጽር ነውና።

ክሊኒኩ ቀጠሮ የሚያስታውስበት ሥርዓትም የለውም። ያልመጣ ሰው ላይ ስልክ የሚደውል የለም፤ ክትትሉ ያለ እኔ ማስታወሻ ደብተር ቢሆን ኖሮ የ12 ወሩ ምርመራ ያልፍ ነበር። መጠበቅ ሕክምና የሚሆነው ጠባቂው ሲኖር ብቻ ስለሆነ ይህን ትንሽ የአስተዳደር ጉድለት አድርጎ ማለፍ ከባድ ነው። በአንጻሩ የነርሷ የስልክ መስመር እጅግ የሚመሰገን ነው፤ እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላ ሦስቱንም ጊዜ በዚያው ቀን መልስ አግኝታለች። ሽንቷ ቀይ ቢሆን፣ ጎኗን አጥብቆ ቢያማት፣ ያለ ምክንያት ብትከሳ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ የነገረቻት እሷ ናት። በሽንት ውስጥ ደም፣ የጎን ሕመምና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ባንድነት የሚታዩባቸው የኩላሊት ካንሰር በሽተኞች ዛሬ ከመቶ 10 እንኳ እንደማይሞሉ፣ ብዙዎቹ ዕጢዎች እንደ እናቴ በሌላ ምርመራ አጋጣሚ እንደሚገኙም ከእሷ ነው የሰማነው።

የሚታደለው በራሪ ጽሑፍ መካከለኛ ነው። ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት የኩላሊት ካንሰርን ዕድል እንደሚያበዙ በግልጽ ይናገራል፤ በቤተሰብ ውስጥ ብዙ ሰው ከታመመ ወይም በሽታው በወጣትነት ከጀመረ የዘር ምርመራ እንደሚያስፈልግም ያነሣል። «ውሃ በብዛት ይጠጡ» የሚለው ምክር ግን ማብራሪያ ይጎድለዋል፤ ውሃ ዕጢን አያሟሽሽም፣ ኩላሊታቸው ወይም ልባቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ደግሞ ከልክ ያለፈ ፈሳሽ ጎጂ ሊሆን ይችላል። ስለ ዕፀዋት መድኃኒት «ይጠንቀቁ» ብሎ ማለፉም አያሳምንም፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለውን ንጥረ ነገር የያዙ ዕፀዋት ኩላሊትን እንደሚያደክሙና የሽንት መተላለፊያ ካንሰር እንደሚያመጡ በግልጽ ቢጻፍ፣ ከጎረቤት የመጣላትን ጠርሙስ እናቴ ያለ ክርክር ትተወው ነበር።

የማጣራት አቅሙ ለቀነሰ፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ትንሽ ዕጢ በድንገት ለተገኘበት ሰው ይህን ክሊኒክ ያለ ማመንታት እመርጠዋለሁ፤ ዕጢውን ከኩላሊቱ፣ ኩላሊቱንም ከሰውየዋ ነጥሎ አላየምና። ዕድሜው ገና ለሆነና ዕጢውን ቶሎ አስወጥቶ መገላገል ለሚፈልግ ሰው ግን አካሄዱ ሊዘገይበት ይችላል፤ ከምስል እስከ ውሳኔ የፈጀብን 4 ወር ለእኛ ተስማሚ ነበር፣ ለሁሉም ግን አይሆንም። በ18ኛው ወር ዕጢው 25 ሚሊሜትር፣ የማጣራት አቅሟ 57፣ የሽንት አልቡሚኗ 31 ሆኖ ተመዝግቧል፤ የደረት ራጇም ንጹሕ ነው። የሚቀጥለው ምስል ከ6 ወር በኋላ ሲሆን፣ በዚያው መሣሪያ እንዲነሣና ከመጀመሪያው ምስል ጋር ተነጻጽሮ እንዲነበብ እናቴ ራሷ በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ አስጽፋለች።